የሟቾቹ ጠርሙስ

«ኧረ! ያቃጥላል!»

ሽቦ ጣቷን ሳብ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተች። ሽቦ ቅጽል ስሟ ነው፤ ቀጭን ስለሆነች ነው ያወጡላት። ጣቷን የለበለባት ደግሞ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፣ ባለ ሦስት እግር ጥቁር ዕቃ ነው። የክፍሉን ሙቀት እንዲለካ ነበር ያሰሩት፤ እሱ ግን ራሱ ምድጃ ሆኖ ቁጭ አለ። የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ «የክፍሉ ሙቀት 140» የሚል ተጽፏል።

«ወይኔ፣ ተቀቅለናል በይኛ!» አለች ራዲዮ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነች፣ አፏ የማይዘጋ ልጅ።

ኢንጂነሯ ሰማች። በሥራ ቀን የሆስፒታል ማሽኖች ትጠግናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በፈቃደኝነት እዚህ ክበብ ውስጥ ልጆችን ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች። በመጀመሪያው ቀን «ከእናታችሁ ጋር በምትከራከሩበት ቋንቋ አስረዱኝ፤ ያን ጊዜ እንደገባችሁ አውቃለሁ» ብላቸው ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን የመለኪያውን ሥዕል በዚያው ቋንቋ ያዘጋጀችው ሽቦ ናት። የትኛው እግር ኃይል ይቀበላል፣ የትኛው ይመልሳል፣ የትኛው ወሬ ያቀብላል፤ ሁሉም አለበት። ከሰዓት የሚመጡት የአምስተኛ ክፍል ልጆች የሚሠሩት እሱን እያዩ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወላጆች ፊት ቆማ የምታስረዳውም እሷው ናት።

«ምን ሆነ?» አለች ኢንጂነሯ።

«ከፋብሪካው ሞቶ የመጣ ነው ቲቸር!» ራዲዮ ቀደመች። «እኛ እጃችን የለበትም!»

ሽቦ ዕቃውን በወረቀት ይዛ አገላበጠችው። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ክብ ነው። ቀና ብላ ሥዕሉን አየች። ሐሙስ ዕለት ስትስለው ጀርባውን ወደ ራሷ አዙራ ነበር፤ የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ሆኗል።

«ሥዕሉ ነው የተሳሳተው» አለቻት ራዲዮን በጆሮዋ።

«ዝም በይ! አሁን ይሄን ብትናገሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወላጆች ፊት ማን ያቆምሻል? በቃ፣ ሞተ፣ ተቀበረ። ሥዕሉን በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

ኢንጂነሯ የቀሩትን ስምንት መለኪያዎች ሰብስባ እጇ ላይ አየቻቸው። «እንግዲያው ከአንድ ፓኬት የወጡ ስለሆኑ እነዚህንም አላምናቸውም። የሰው ጣት ከሚጠበስ ይጣሉ። ትንንሾቹንም ልጆች ሳይጀምሩ ወደ ቤት እንመልሳቸዋለን።» ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ አመራች።

መደርደሪያው ላይ ልጆቹ «የሟቾቹ ጠርሙስ» የሚሉት አለ። እዚህ ዕቃ ያቃጠለ ሰው እንዴት እንዳቃጠለው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ ከሟቹ ጋር ጠቅልሎ ይጨምረዋል። ከታች፣ ወረቀቱ የወየበው፣ የኢንጂነሯ የራሷ ነው፦ «ቸኩዬ ነው።»

«ቲቸር፣ እንዳይጥሏቸው!» አለች ሽቦ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮክ አለ። «ደህና ናቸው። እኔ ነኝ ሥዕሉን ከጀርባው አይቼ የሳልኩት።»

ራዲዮ እጅጌዋን ጎተተቻት።

ኢንጂነሯ ቅርጫቱ አጠገብ ቆመች። ሥዕሉን አየች፤ መለኪያውን አየች። ከዚያ ስምንቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ብጣሽ ወረቀት ገፋ አደረገችላት።

«ጻፊያ።»

ሽቦ ስለ ቅዳሜው ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ከግቢው የትንንሾቹ ጫጫታ ተሰማ። ጊዜ አልነበረም። «ከጀርባው አይቼው» ብላ ጻፈችና ሥዕሉን አወረደች። የሥዕሉን ወረቀት ገልብጣ ባዶው ገጽ ላይ እንደ አዲስ ሳለች፤ አሁን ግን ዕቃውን ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ እሷ እንዲሆን አድርጋ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ። ከዚያ አንዱን መለኪያ በአዲሱ ሥዕል መሠረት አሰረችና ጣቷን ፈራ ተባ እያለች አሳረፈችበት። ቀዝቃዛ ነው። ስክሪኑ 23 አለ።

«ቀብሩን ልርዳሽ?» አለች ራዲዮ ጠርሙሱን እያወረደች።

«ቆይ፣ ገና ነው።»

ልጆቹ እየተጋፉ ገብተው ተቀመጡ። ሽቦ የተቃጠለውን መለኪያ መዳፏ ላይ አድርጋ መሀላቸው ቆመች።

«መጀመሪያ ይሄን እዩ» አለች። «ትንሽ ቀደም ብዬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»