ቁልፍ በመልክ አይሰጥም

ኬኔ የሱፐርማርኬቱን ቢጫ ፌስታል ሹራቧ ውስጥ ወሽቃ ሆዷን አቀፈች። ከመታጠፊያው ቀጥሎ የእትዬ የሺአረግ ሱቅ ነው።

ጓደኛዋ ሆሳዕና ሳቋ አመለጣት። «ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«ዝም በይ! ያዩናል።»

«ታዲያ በሌላ መንገድ እንሂዳ።»

«ቁልፋችን እሳቸው ጋ ነዋ!»

እናቷ ሥራ ስትሄድ የቤቱን ቁልፍ እዚያ ትተዋለች። የሰፈሩ ቁልፍ ሁሉ የሚውለው ከሚዛኑ በላይ ባሉት ሚስማሮች ላይ ነው። ኬኔ ደግሞ ዛሬ ብስኩትና ሳሙና የገዛችው ከአዲሱ ሱፐርማርኬት ነው፤ ለዕጣው ስትል። ስልክ ይወጣበታል ተብሏል።

«ነገ የክፍላችንን ለስላሳ እዚያ ስንገዛ በዕጣ ኩፖን እንንበሸበሻለን» አለች ሆሳዕና። ለስምንተኛ ክፍል ስንብት ዕቃ እንድትገዛ የተመረጠችው ኬኔ ናት። «ፋራ እንዳትሆኚ ብቻ።»

ከሱቁ ጭቅጭቅ ተሰማ።

«አጎቷ ነኝ እኮ ነው የምልሽ!»

«ይሆናሉ። ቁልፍ ግን በመልክ አይሰጥም።»

«ከዲጋ ድረስ መጥቼ ደጅ ልዋል?»

«ደጅ መች አልኩ? ቁጭ ብለው ሚሪንዳዎን ይጠጡ። ልጅቷ ትምጣና ትመስክር።»

የኬኔ እናት ታላቅ ወንድም ጋሩማ፣ ካርቶን የተነጠፈበት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ በንዴት ይቁነጠነጣል።

«ኤሱማ! አጎቴ!» ኬኔ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ፌስታሉ ከሹራቧ ሾልኮ ዱብ አለ።

«እሰይ፣ ተገላገልሽ» አሉ እትዬ የሺአረግ። ፌስታሉን አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው ሰጧት። ከዚያ ቁልፉን። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«ይቺ ሴትዮ ሌባ አደረገችኝ» አለ ጋሩማ።

«ባለፈው ‹ዘመድ ነኝ› ብሎ የጎረቤታችንን የነዋቅወያን ቁልፍ ሊወስድ የመጣ ነበር። እሱም እንደርስዎ ሸበላ ነበር።»

ጋሩማ ሳይወድ ሳቀ።

ኬኔ ፌስታሉን አየችው። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቷት ነበር። ስትወጣም ያየው ቁጥሩን ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ሆሳዕና ክንዷን ጎተተቻት። «በቃ ነገ ጠዋት ሱፐርማርኬቱ በር ላይ፣ አይደል?»

«አይደለም» አለች ኬኔ። ወደ ባንኮኒው ዞረች። «እትዬ የሺ፣ ነገ ለክፍላችን ለስላሳ እንፈልጋለን። ባዶ ጠርሙስ ግን የለንም።»

«ውሰዱና ትመልሱታላችሁ። ቁልፍሽ እኔ ጋ እየዋለ፣ አንች ልጅ፣ የት ትሄጃለሽ?»

«ዕጣውስ?» አለች ሆሳዕና።

«አንቺ ቁረጪ።»

እትዬ የሺአረግ ወደ ጋሩማ ዞረው አጨበጨቡ።

«ይነሡልኝ ጌታው። የተቀመጡበት ሳጥን ተሸጧል።»