ማታ ይጀምራል የተባለው ስኖው

ጋሼ በቀለ ሞተው የተገኙት ከሜልበርን ርቆ ባለው ባው ባው ተራራ ላይ፣ በተከራዩት ቤት ደጅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። ስኖው፣ ያ እንደ ብናኝ የሚወርደው ነጭ በረዶ፣ ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው ሸፍኗቸዋል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ስኖው ሞልቶበታል።

መርማሪ ራሕዋ የኮቱን ትከሻ በጓንቷ ጠረገችው። ነጩ እንደ ዱቄት በነነ። ከሥሩ ያለው ኮት ግን ውኃ ጠጥቶ በብርዱ እንደ ጣውላ ገግሯል። ሹራቡም ካናቴራውም እንደዚያው። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ለማንም አልደወሉም። የቤቱ በር ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ፣ በቁጥር የሚከፈት ነው።

ተራራው ላይ የወጡት ሦስት ነበሩ፤ ሟቹ፣ የልጃቸው ባል ሕዝቅያስ፣ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን አብረዋቸው ዕቃ ሲጭኑ ያረጁት ወዳጃቸው ጀማለዲን።

ጋሼ በቀለ ሜልበርን ያን ያህል ዘመን ኖረው ስኖው ሲወርድ አላዩም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሕዝቅያስ ስልኩ ላይ የአየር ትንበያውን እያየ «ፎርካስቱ ሃምሳ ፐርሰንት ነው፤ ለሃምሳ ፐርሰንት ያን ሁሉ መንገድ አልነዳም» ይላቸዋል። ዲግሪ ያለው ሰው በፐርሰንት ከተናገረ ያልተማረ ምን ይመልሳል? አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ዘንድሮ ሰማንያ ሆነና ወጡ።

«ከጨለመ በኋላ ጀመረ» አላት ሕዝቅያስ ራሕዋን። «በመዳፋቸው ተቀብለው እንደ ሕፃን ሳቁ። ለባለቤቴ ለአምለሰትም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ለጀማለዲን ‹ሲበቃቸው ክፈትላቸው› ብዬው ወደ ቤቴ ነዳሁ። እሱ እቴ፣ ተኛ!»

«የበሩን ኮድ ማን ያውቃል?»

«ቤቱን ቡክ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ነው።»

ሚስቱ አምለሰት ያን ሌሊት የአረጋውያን ቤት ናይት ሺፍት ላይ ነበረች። ባሏ መቼ እንደገባ አታውቅም።

ጀማለዲንን ራሕዋ ያገኘቻቸው ማሪቢርኖንግ፣ ልጃቸው ቤት ነው። ተራራው ላይ ያስተኛቸው ጉንፋን ገና አልለቀቃቸውም።

«ልጄ፣ ከምሳ በኋላ መድኃኒት ውጬ ተኛሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ሲመሽ አንዴ ብነቃ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ጆሮ አያሰማም። ‹በቀለ፣ ስኖውህ ደረሰልህ!› ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁና መልሼ ተኛሁ።»

«በር ሲንኳኳ አልሰሙም?»

«በዚያ ጩኸት?» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ፉትስክሬይ ገበያ ስወጣ የአገሬ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። በወዳጁ ላይ በር ቆልፎ የተኛ ተብዬ። ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም።»

«ነገ አብረን እንደርሳለን።»

ያራቪል፣ አምለሰት ቤት፣ ለቀስተኛው ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ጀማለዲን ሲገቡ ቦታ የለቀቀላቸው የለም። ወትሮም ለጫኝ አውራጅ ቦታ አይለቀቅም። በሩ አጠገብ ቆሙ። ራሕዋ ያን ማታ የሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው፤ ተናገሩ።

ሕዝቅያስ ብድግ አለ። «ሰማችሁ? ስኖው ሲወርድ ሰምቷል! እያወቀ ነው የተኛው!»

«ሕዝቅያስ፣ ስኖው ሲወርድ አይተህ ታውቃለህ?»

«ያን ማታ…»

«ስኖው ሲወርድ ድምፅ የለውም። አንተ የምታስበው አገር ቤት ቆርቆሮ የሚደበድበውን በረዶ ነው። ጋሽ ጀማለዲንም አይተው ስለማያውቁ ተሳሳቱ፤ የሰሙትን ግን አልዋሹም። የሰሙት ዝናብ ነው።»

«ፎርካስቱ እኮ ማታ ስኖው ነው ያለው!»

«ሰማንያ ፐርሰንት አለ። ሃያው የት ሄደ? ተራራው ከታሰበው ትንሽ ሞቀና ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ጣለ። ስኖው የመጣው ሊነጋ ሲል ነው፤ መንገድ ጠራጊዎቹን ጠይቄያለሁ። የጋሼ በቀለ ልብስ እስከ ካናቴራው የራሰው በዝናቡ ነው። የላዩ ስኖው እፍ ቢሉት የሚበን ነበር። አንተ የነገርከኝ ስልክህ ላይ ያነበብከውን ማታ እንጂ ያየኸውን አይደለም። እዚያ አልነበርክም። መቼ ወረድክ?»

ሕዝቅያስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ከምሳ በኋላ። ከሥራ ደወሉልኝ። ‹ማታ ይጀምራል፣ እዚሁ ይጠብቁ› አልኳቸው። ለታመመው ብርድ እንዳይገባበት በሩን ሳብኩት። ኮዱን ሳልነግራቸው… ረሳሁ። ሲሞቱ ፈራሁ።»

«ፈራህና በእኔ ላከክኸው» አሉ ጀማለዲን።

«አባዬ ለምን አልደወለልህም?» አለች አምለሰት። «ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

«ሥራ ላይ አይደውሉልኝ ብያቸው ነበር።»

አንድ ሰው ለጀማለዲን ወንበር አቀረበ። አልተቀመጡም።

አምለሰት ወደ ራሕዋ ዞረች። «እጁስ? መዳፉ ላይ ሞልቶ ነበር እኮ። አይቶታል፣ አይደል?»

ራሕዋ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እጃቸውን ዘርግተው ጠብቀዋል» አለች። «የሞላው ካለፉ በኋላ ነው።»