ለማንም ያልነገራችሁትን ንገሩን

ኢንስፔክተሯ ፊልም ሲጀመር የምትተኛ ሴት ነበረች፤ ልጅቱ ደግሞ ተኝታም ፊልም የምትሠራ። አንደኛዋ ወፈር ያለች፣ ረጋ ያለች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምታባብል፣ ጡረታዋ የተቃረበ፤ ሁለተኛዋ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች፣ ስትናገር እጇ ከአፏ የሚቀድም፣ የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ። በሲኒማ ቤቱ የፊት ረድፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ላያቸው፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ አያትና የልጅ ልጅ ይመስሉ ነበር። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱም «ተዪው» ሲባሉ ይብስባቸዋል።

ተዪው የተባለው ነገር ከስክሪኑ ጀርባ፣ በብረት ደረጃው ሥር፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ የልጅቱ ትልቁ አጎት አስከሬን ነው። ፊልም ሊጀመር ሲል ከኋላ ቆመው «ጨለማ» እያሉ ስለሚያዝዙ፣ የሰፈሩ ወላጆችም ልጆችም «ጋሼ ጨለማ» ብለው ነበር የሚጠሯቸው።

ልብስ ተሰፍቶ ሳያልቅ እንደሚለካ ሁሉ፣ ፊልምም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በተመልካች ላይ ይለካል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ልጅቱና የትምህርት ቤት ጓደኞቿ የሠሩት፣ ልጅነቷን ተሰናብታ ሴትነቷን ስለምታማትር አንዲት ተማሪ የሚተርክ ፊልም፣ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለተጋበዙ ታዳጊዎች ለሙከራ ታይቶ ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ጋሼ ወደ መድረክ መውጣት ነበረባቸው፤ አልመጡም። ሊፈልጋቸው የሄደው ተማሪ ወድቀው አገኛቸው።

የኢንስፔክተሯ አለቃ ስልክ ደወለ።

«አንድ ሽማግሌ ከደረጃ ወደቀ። ምን የሚመረመር ነገር አለው?»

«ለምን እንደወደቁ፣ ጌታዬ።»

«ደረጃ ስላለ ነዋ።»

«ደረጃውማ ድሮም ነበረ።»

«የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» አለና ዘጋ። እሷም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ጥላ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ጨርቁን ገለጠች። ጋሼ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ጭንቅላታቸው ወለሉን ነክቷል፤ እግሮቻቸው ግን ገና ደረጃው ላይ ናቸው። ከኮታቸው ኪስ የማይክሮፎን አናት ብቅ ብሏል።

በበሩ በኩል ታዳጊዎቹ ያዩትን ለፖሊሶቹ ተናግረው እየተገፋፉ ይወጡ ነበር። ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ አንዲት ተማሪ ታጉረመርማለች።

«ብስክሌቷ የታለች? በውሸት ጠርተውን።»

«ዝም በይ፣ ሰው ሞቷል እኮ» አለቻት ጓደኛዋ።

«ለሞቱት አዝኛለሁ። ብስክሌቷ ግን የታለች?»

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለች ችኮ ልጅ ደስ ትላታለች። ጥያቄውን ለጊዜው በልቧ አኖረችው።

የልጅቱ እናት ደርሳ የወንድሟን ፊት ካየች በኋላ አላለቀሰችም፤ ወደ ልጇ ዞረች። «ይሄ ፊልም ነው የበላው። ከእሱ ጋር ይቀበራል፤ ሁለተኛ እንዳልሰማው» አለች።

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

ኢንስፔክተሯ አዳራሹን ለቃ ሳትወጣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠራች። መጀመሪያ ልጅቱን።

«ከአጎትሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ። ካልተጣላን ያመመኝ ይመስላቸዋል።»

«ፊልሙ ሲታይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ፊት ለፊት። ጥፍሬን እየበላሁ። ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሲስቁብኝ ነበር፤ ይጠይቋቸው።»

ግድግዳው ላይ ፖስተር ተለጥፏል፤ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በብስክሌት ቀጥ ብላ ሐይቅ ውስጥ ስትገባ ያሳያል። ከሥሩ «ለማንም ያልነገራችሁትን ንገሩን» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለበት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአስተዋዋቂያችን ሐሳብ ነው። ልጆቹ ለእናታቸው እንኳ ያልነገሩትን በድምፅ ይልካሉ። ፊልማችንን የራሳቸው እንዲያደርጉት ነው። ብዙ ልጆች ላኩ።»

«ድምፁስ የት ይሄዳል?»

«ከተሰማ በኋላ ይጠፋል። ቃል ገብቶልናል።» ልጅቱ ትንሽ አሰበች። «ጋሼም ትናንት ይህንኑ ነው የጠየቁኝ።»

ሁለተኛው የሟች ታናሽ ወንድም ነበር። አዳራሹ ለዕቃ መጋዘን ይሸጥ ሲል ከወንድሙ ጋር ከተቆራረጠ ሰንብቷል።

«ፊልሙን አዩት?»

«ተኝቼ ነበር።»

«በወንድምዎ አዳራሽ ውስጥ?»

«እዚህ ካልሆነ የት ይተኛል? ጨለማ ነው፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ሚስቴ የለች።»

ኢንስፔክተሯ ሆዷ ራራለት፤ ወገኗ ነውና። ታዳጊዎቹም ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያንኮራፋ የፊልሙን ድምፅ እንደበለጠው በአንድ ድምፅ መስክረው ነበር።

ሦስተኛው ፊልሙን ያቀናበረው፣ ጋሼንም ወድቀው ያገኛቸው ተማሪ ነው። ጓደኞቹ «መቀስ» ይሉታል፤ የማይቆርጠው ነገር የለምና።

«ከማሳያ ክፍሉ አልወጣሁም» አለ። «ፊልሙ ሁለቴ ቀጥ ብሎብኝ ልጆቹ ሲያፏጩብኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አያስነሣውም ነበር።»

«ጋሼን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ከመጀመሩ በፊት። ማይክ ስጠኝ አሉኝ። ለልጆቹ የምነግራቸው አለኝ አሉ። ምንድነው ብላቸው፣ ፊልሙ ሲያልቅ ትሰማለህ አሉ። ተቆጥተው ነበር መሰለኝ።»

«በምን አወቅህ?»

«"ጨለማ" ሲሉ ድምፃቸው አልወጣም። ሲናደዱ ነው ቀስ የሚሉት።»

በመጨረሻ አስተዋዋቂው ገባ። ጫማው ነጭ፣ ሐዘኑ ንጹሕ፣ አነጋገሩ እንደ ማስታወቂያ የተከረከመ ነበር። ከብረት ደረጃው በላይ ያለውን ቢሮ ጋሼ ለሥራው ፈቅደውለት፣ ኮምፒውተሩ እዚያው ይቀመጣል።

«እኔ ስክሪኑን አላይም፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ሥራዬ የልጆቹን ፊት ማየት ነው። የቱ ጋ እንደሚነቁ፣ የቱ ጋ ስልካቸውን እንደሚያወጡ።»

«ዛሬ ታዲያ የቱ ጋ ነቁ?»

«ብስክሌቷ ውሃው ውስጥ ስትገባ። ፊታቸው ሲበራ ቢያዩት። ዳር የነበሩት ብድግ አሉ፤ አንዷማ አለቀሰች። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከኋላ፣ በሩ አጠገብ።»

«ወጣ አላሉም?»

«እንዲህ ያለው ነገር ተጥሎ ይወጣል?»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ሸኘችው፤ ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«በይ ፊልሙን አሳዪኝ። ዛሬ ለልጆቹ የታየውን፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።»

«ይተኙብኛል።»

«ቆንጥጪኝ።»

መቆንጠጥ አላስፈለገም። ኢንስፔክተሯ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይኗን ሳትከድን አየች። በአንድ ቦታ ላይ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ተማሪ ለአባቷ ያልተጠበቀ መልስ ስትመልስ፣ «እሰይ» ስትል ራሷን ያዘች። ሲያልቅ በልጅቱ ጆሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ልጅቱም መለሰች። ኢንስፔክተሯ ወዲያው ተነሥታ ቢሮው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር እንዲያዝና እንዲመረመር አዘዘች።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። እናትየዋ ጥቁር ለብሳ ከመሃል ተቀመጠች፤ ታናሽ ወንድሟ ከጎኗ፤ መቀስ ከኋላቸው፤ ልጅቱ መድረኩ ጠርዝ ላይ። አስተዋዋቂው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠ። ኢንስፔክተሯ ቆማ ለመናገር ሞክራ ጉልበቷ ስላልፈቀደላት ወንበር አስመጣች።

«ከአወዳደቃቸው ልጀምር» አለች። «ጋሼ ማይኩን ኪሳቸው ከተው ከቢሮው ወደ መድረክ እየወረዱ ነበር። ደረጃ የሚወርድ ሰው ሲሳሳት ወይ በግንባሩ ይደፋል፣ ወይ በመቀመጫው ይንሸራተታል። እሳቸው ግን የወደቁት በጀርባቸው ነው፤ ጭንቅላታቸው ከታች፣ እግራቸው ከላይ። እንግዲያው ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው ነበር። ሰው ደረጃ መሃል የሚዞረው ከኋላው ሲጠራ ነው። ከላይ ያለው ደግሞ ቢሮው ብቻ ነው።»

«ጠሪው ማነው ታዲያ?» አለች እናትየዋ።

«ልጅዎን፣ ዳይሬክተሯን፣ ልጆቹ ፊት ለፊታቸው ሲያዩዋት ነበር። መቀስ ፊልሙን ሲያስነሣ ነበር። ወንድምዎ ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደሳቸው ያለ ማስረጃ ያቀረበ የለም።»

«ማንኮራፋት የጠቀመኝ ዛሬ ነው» አለ ታናሽየው።

«እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ» አለ አስተዋዋቂው።

«ነግረውኛል። እስቲ ስለ ብስክሌቷ ለቤተሰቡም ይንገሩልኝ። በሐዘን መሃል ደስ ይላቸዋል።»

አስተዋዋቂው ከፊተኛው የበለጠ አሳምሮ ተናገረ፤ ስለ ልጆቹ ፊት፣ ስለ አልቃሿ፣ ስለ ጭብጨባው። ሲጨርስ ዙሪያውን አየ። መቀስ አፉን ከፍቷል። ልጅቱ ከመድረኩ ጠርዝ ቀስ ብላ ወርዳለች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ብስክሌቷ የለችም» አለ መቀስ።

«እንዴት የለችም? ፖስተሩ ላይ...»

«ፖስተሩ ላይ አለች። ቅንጭብ ማስታወቂያው፣ ትሬለሩም ላይ አለች። ፊልሙ ውስጥ የለችም። የዚያኑ ቀን ጠዋት ቆረጥናት።»

«ጋሼ ናቸው ያስቆረጡኝ» አለች ልጅቱ። «"ያማረች ውሸት ናት፤ ልጅ የሚያድገው ሐይቅ ውስጥ በመግባት አይደለም" ይሉኝ ነበር። ስጨቃጨቃቸው ሰንብቼ በመጨረሻ እውነታቸውን ሆኖ አገኘሁት። ላንተ ያልነገርንህ ስለምትጮኽብን ነው።»

«ልጆቹ ሲወጡ ብስክሌቷ የታለች እያሉ ሲያጉረመርሙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያን ዕለት ልጅቱን በሹክሹክታ የጠየቅኋትም ይህንኑ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ስላላየው ነገር "አላስተዋልኩም" ብሎ ያልፍ ነበር። እርስዎ ግን ትሬለሩን ከመቁረጥና ከማየት ብዛት ፊልሙን ያዩት መሰለዎት። ይህን ስሕተት የሚሠራው የሸጠውን ዕቃ ከፍቶ ያላየ ነጋዴ ብቻ ነው።»

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» አለ ታናሽየው በጥርሱ መሃል።

«በስልክ ላወራ ወጥቼ ሊሆን ይችላል» አለ አስተዋዋቂው። «ከዚያስ? እኔ ሽማግሌውን ምን አደርጋቸዋለሁ?»

«ኮምፒውተሩ ነገረን። የልጆቹ ድምፅ አንዱም አልጠፋም። አዲስ ማስታወቂያም ተዘጋጅቷል፤ አንዲት ልጅ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን በገዛ ድምፅዋ ስትናገር የሚያሰማ። ልንሰማው ይገባል የሚል ካለ፣ አላሰማም። ምሥጢሩ የዚያች ልጅ ነው። ጋሼ ግን ቢሮው በር ላይ ቆመው ሰምተውት መሆን አለበት፤ ልጅቷንም በድምፅዋ ያውቋታል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቲኬት ሲቆርጡላት ኖረዋል። ማይኩን የፈለጉት ለዚህ ነበር። ልጆቹ ቤታቸው ሳይገቡ ድምፃቸው ምን እንደተደረገ ሊነግሯቸው።»

አስተዋዋቂው ከወንበሩ ተነሣ።

«ልገድላቸው አላሰብኩም» አለ። «ክንዳቸውን ያዝኩ፤ መነጨቁኝ፤ ገፋሁ። ይህን ፊልም ማን ያውቀው ነበር? እኔ ነኝ ሰው ያደረግሁት። እነዚያ ልጆች የሚሰማቸው አጥተው ነበር። እኔ ሰማኋቸው።»

«ሰምተህ ዝም ማለት ነበረብህ» አለች ኢንስፔክተሯ። እስካሁን አንቱ ስትለው ቆይታ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

እናትየዋ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች ተነሣች።

«እንግዲህ አበቃ» አለች። «ገዳዩም ታወቀ፣ የኔም አፍ ተዘጋ። አንቺም ትምህርትሽን ጨርሺ። ፊልሙን ግን እርሺው። ቢታይም ሰው የሚያስበው ሬሳውን ነው።»

«አዳራሹንም ቢሆን» አለ ታናሽ ወንድሟ፣ «ገዢው እየጠበቀ ነው።»

ልጅቱ መድረኩ ላይ ወጣች። ፊቷ ነጥቷል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

«ቅዳሜ ይታያል።»

«አዳራሹ የማን ሆነና?» አለ አጎቷ።

«ግማሹ የኔ ነው» አለች እናትየዋ፤ ከአፏ የወጣው እሷንም የገረማት ይመስል ተመልሳ ተቀመጠች። ወደ ልጇም ዞረች። «በይ ተናገሪ» አለች።

«ትሬለሩን ዛሬውኑ አነሣዋለሁ፤ ፖስተሩንም ከየግድግዳው እቀዳለሁ። ብስክሌት አለ ብዬ የጠራሁት ሰው አይኖርም። ድምፃቸውን ለላኩት ልጆች ራሴ እየደወልኩ የተደረገባቸውን እነግራቸዋለሁ፤ መስደብ የፈለገ ይሰድበኛል። ከዚያ በኋላ የመጣ ይምጣ፣ የቀረ ይቅር። አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ፣ እማዬ። አጎቴ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ቲኬት ይቆርጣል።»