የጽጌረዳዋ ዘበኞች

ሹፌሩ ደም ግፊት መትቶት አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ዓለም ማለት ለእሱ አንዲት መስኮት ሆነች። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ምላሱም እንደዚያው። ጨርሶ አልተዘጋም፤ ቃል ይወጣዋል፣ ግን ዳገት ላይ እንዳለ ያረጀ አውቶቡስ እየተንገጫገጨ፣ እያረፈ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው የሚወጣው። ጭንቅላቱ ግን ምንም አልሆነም። እንደ ድሮው ያያል፣ ይሰማል፣ ይታዘባል። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። አፉ የዘገየ ሰው አእምሮውም የዘገየ ይመስለዋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጧል። ትወደዋለች፣ በዚህ ማንም አይማት። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም፤ መጠበቅ። እሱ አንድ ቃል ጀምሮ ሁለተኛውን ሲፈልግ፣ እሷ የቀረውን ጨምራ፣ ዘግታ፣ መልሱንም ራሷ ሰጥታ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

«ትራ... ትራሱ...»

«ከፍ ይበልልህ? እሺ የኔ ጌታ!» ብላ ከፍ ታደርገዋለች።

እሱ ዝቅ እንዲልለት ነበር። አንገቱ ተጣሞ እስከ ምሳ ይቆያል። እንደገና ልናገር ቢል እንደገና ይተረጎምበታል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ «ዛሬ ተመችቶታል» ትላለች።

ከመስኮቱ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ የወጣች አንዲት ጽጌረዳ አለች። የተጋቡ ሰሞን የተከሏት ናት፤ በየዓመቱ ትከረከማለች፣ በየዓመቱ ታብባለች። ሹፌሩ መንገድ ሲያጣ እሷን መንገድ አደረጋት። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት የአበባዋ ሽታና ንፋሱ አብረው ይገባሉ፤ እሱም ከክፍሉ የወጣ ያህል ደረቱ ቀለል ይለዋል።

በዚያ ዓመት ጽጌረዳዋ ታመመች። ለጋ ቅርንጫፎቿ ተጠማዘዙ። እንቡጧ ሳይፈነዳ ረገፈ። ቅጠሎቿ የሚያጣብቅ ወዝ አወጡ፣ በወዙም ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር ተለቀለቀባቸው። ሚስት ስፌት አለባት፣ ምጣድና ማሰሮ አለባት፤ ሥራዋ የእጅና የእግር ነው፣ ቆሞ የማየት አይደለም። ሹፌሩ ግን ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። መነጽሩን ሰክቶ አየ።

በለጋዎቹ ጫፎች ላይ፣ ሰሊጥ የሚያክሉ አረንጓዴ ነፍሳት ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ክሽክሽ የሚሏት ናት። ተክሏን ወግታ ውኃዋን ትመጥጣለች፣ የተረፋትን ጣፋጭ ጠብታ ከኋላዋ ታወጣለች። ጉንዳን በግንዱ ላይ ተሰልፎ ይወጣና በቀንዱ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋል፤ ጠብታዋን ሲቀበል ይወርዳል። ሹፌሩ በልቡ ሳቀ። ልክ እንደ ትኬት ቆራጭ! ተሳፋሪውን እያንኳኳ ሒሳብ ይሰበስባል። ገቢው እንዳይቀርበትም ክሽክሿን ሊበላ የሚመጣውን ሁሉ ያባርራል።

የሚመጣው ማን ነው? አንድ መልከ ጥፉ ትል። ጥቁር፣ ሸካራ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፣ ትንሽዬ አዞ የመሰለ። ሹፌሩ መጀመሪያ ሲያየው ፊቱን ቋጠረ። በኋላ ግን ያ አዞ ክሽክሿን አንድ በአንድ እያነሳ ሲውጥ አየ። ሲጠግብ ቅጠል ላይ ተንጠልጥሎ ደረቀ፤ ሹፌሩም ሞተ ብሎ አዘነለት። ቀናት ቆይቶ ከዚያ ደረቅ ቅርፊት ጥቁር ነጥብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ወጣች፤ ልጆች መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱባት ያቺው ጥንዚዛ። እሷም ወዲያው ወደ ክሽክሿ ሄደች። ሹፌሩ ይህን ያየ ቀን ለሰው ልናገር ብሎ ምላሱ አሳከከው።

ያኔ ነው ሚስቱ ከእትዬ መፍትሔ ጋር መስኮቱ ሥር የቆመችው። እትዬ መፍትሔ ጎረቤት ናት። የእናት አባቷ ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ይህን አወጣላት። ጥርስ ያመመው፣ ጣሪያ ያፈሰሰበት፣ ልጅ ያስቸገረው ሁሉ መልሱ እሷ ዘንድ አለ። ጥያቄው እስኪያልቅ እንኳ አትጠብቅም።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ጠላትሽ!» አለችና መልከ ጥፉውን ትል በእንጨት ጠቆመችው። «መልኩ ራሱ ይናገራል!»

«ኧረ በስማም! እንዴት ያስጠላል! ጉንዳኑስ?»

«ጉንዳን ምን አደረገ? ሠራተኛ ነው፣ ተይው ይሥራበት።»

ሹፌሩ ከውስጥ ባልታመመው እጁ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። «ጥቁ... ጥቁሩን...»

«ጥቁሩን ግደይልኝ ነው የምትለው? አይዞህ፣ አንድም አላስተርፍልህም!» አለች ሚስቱ፣ በጫማዋም ደፈጠጠችው።

እናንተዬ፣ ዘበኛን ገድሎ ሌባን ማሳደር ከዚህ በላይ ምን አለ? በመልኩ ፈረዱበት። ሹፌሩ ደግሞ ሁሉን እያየ፣ ቃሉ ጥርሱ ሥር ታስሮ ቀረ።

እትዬ መፍትሔ በአሮጌ የዘይት ጠርሙስ አንድ ነጭ ፈሳሽ አመጣች። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል የሱፍ አበባ ነው፤ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «ከሰው ነው ያገኘሁት። ይህ የነካው አይነሳም!» አለች። ረጩት። ሽታው እንዳይገባ መስኮቱ ተዘጋ፣ መጋረጃው ግማሽ ተሳበ።

ለጥቂት ቀን ጽጌረዳዋ የዳነች መሰለች። ሹፌሩ ግን ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ ቀያዮቹ ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ወድቀው እግራቸውን ሲያንፈራግጡ አየ። ክሽክሿም ብዙ አለቀች። ሁሉም ግን አላለቀም፤ በተጠማዘዘ ቅጠል ውስጥ የተሸሸገችው ተረፈች። ክሽክሽ ደግሞ ወላድ ናት። የሚበላት ከሌለ ማን ከልክሏት! ሳምንት ሳይቆይ ከበፊቱ ይብስ ሞላች፤ ትኬት ቆራጮቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነው። ሙቀት ነው። የስፌት መኪናው ከግርጌ ይንጣጣል፣ የካውያው እንፋሎት ይታፈናል። የታመመ ሰው አካል ሽታ ለራሱም ይከብዳል።

«መስ... መስኮቱን...»

«ብርድ ገባህ? ደህና ተዘግቷል፣ አትስጋ» ትለዋለች፣ ብርድ ልብሱንም ትጨምርበታለች።

ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ሲገፋ፣ «አትወራጭ!» ትላለች። ይህን ሁሉ በፍቅር ነው የምታደርገው። ለዚህ ነው መሸሻ የሌለው። ጠላት ቢሆን ይጣላው ነበር።

እትዬ መፍትሔ ሁለተኛ መጣች። «መጠኑ አንሶ ነው እህቴ። ዛሬ እጥፍ አድርገን እንረጫለን።»

ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ውጭ ቆሙ። መስኮቱ ከላይ ተቀርቅሯል፤ ከታች ግን እንጨቱ በዝናብ ተቆልምሞ ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረችው። ከውጭ ቅጠል ይሸፍናታል። ከውስጥ ግን የሹፌሩ ትራስ አጠገብ ናት።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ቀጥሎ ጭጋግ። ጉሮሮው ተቃጠለ፣ ዓይኑ አነባ፣ ደረቱ አልከፈት አለ። ዞር እንዳይል ጎኑ የእሱ አይደለም። መስታወቱን በግራ እጁ ደበደበ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና እጇን አወዛወዘች፤ «አሁን እንጨርሳለን!» እንደማለት። ደግሞ ደበደበ። እትዬ መፍትሔ ሳቀች።

«ጋሼ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል! ያጨበጭቡልናል!»

ፊታቸው ከእሱ ክንድ አይርቅም ነበር። የሻሻቸው ክር ሳይቀር ይታየዋል። አፉን ከፈተ፣ አንድም ድምፅ አልወጣም። ያቺ መስኮት፣ ዓለሙ የነበረችው፣ ፊቱ ላይ የተከደነች ክዳን ሆነች። እጁ ወደቀ።

ሚስቱን ያስደነገጣት የእጁ መውደቅ ነው። የሚያንኳኳ ሰው ያንኳኳል፤ እንዲህ አይወድቅም። መርጫውን ጥላ ገባች። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አረፋ በአፉ ጥግ ወጥቷል። ጮኸች። ሰው ተሰብስቦ በአንሶላ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው።

ነርሷ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። ልብሱን እየቀደደች፣ ቆዳውን በውኃ እያጠበች ጠየቀች። «ምን ነካቸው?»

«የአበባ መድኃኒት» አለች እትዬ መፍትሔ።

«ስሙ?»

«በጣም ጠንካራ ነው ብለውኛል።»

«ጠንካራነቱን ከደረታቸው ሰምቻለሁ። ስሙን ነው የጠየቅኩት። መርዙን ካላወቅኩ ማርከሻውን በምን ልምረጥ?»

ጠርሙሱ ቀረበ። የሱፍ አበባ ሥዕል! ለሁሉም ነገር መልስ የነበራት ሴት በዚያ ሰዓት መሬት መሬት አየች። ሐኪሙ በምልክቱ ገምቶ አከመው። ግምቱ ባይሰምር ኖሮ ይህን ታሪክ የምታነቡት በለቅሶ ነበር።

ሹፌሩ ትንፋሹ ሲመለስለት ሚስቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። «ምነው የኔ ጌታ፣ ምነው አልነገርከኝም?»

«ነገ... ነገርኩ...»

«አዎ፣ ነገር ነው የሆነብን፣ ዓይነ ጥላ ነው...»

ነርሷ እጇን ትከሻዋ ላይ ጫነች። «እናቴ፣ አፍዎን ይያዙና ይስሟቸው።»

  ሚስት ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች፤ ያ መጠበቅ ለእሷ ከመውለድ ይበልጥ አማጣት።

«ነገ... ነገርኩሽ። አላስ... ጨረስሽኝም።»

 ይህች ዓረፍተ ነገር ሚስቱ ልብ ውስጥ እንደ መርፌ ገብታ ቀረች።

ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተች። ቅጠሎቹንና መስታወቱን በብዙ ውኃ አጠበች፤ ጠርሙሱንም በጤና ጣቢያው ምክር የግብርና ሠራተኞች መጥተው ወሰዱት፤ ቱቦ ውስጥ አልደፋችውም። ከዚያ የተጠማዘዘ ቅርንጫፍ ቆርጣ አመጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የስፌት መኪናው ዝም እንዳለ ነው። እሱም እያረፈ፣ እየተንሸራተተ፣ ያየውን ሁሉ ነገራት። አረንጓዴዋን በጣቱ አሳያት። የጥቁሩን ትል ነገር ሲጨርስ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች።

«በእግሬ ነው የደፈጠጥኩት!»

«መል... ኩን... እንጂ... ሥራውን... አላየሽም» አላት።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ክፉኛ የተጠማዘዙትን ጫፎች ቆርጣ በከረጢት ቋጥራ አስወገደች። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጣ በጎማ ውኃ ታጥበዋለች፤ ክሽክሽ አንዴ ከወደቀች መልሳ መውጣት ይቸግራታል። ለቀረችው ትንሽ ሳሙና በውኃ በጥብጣ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ሞክራ ጉዳት እንደሌለው ካየች በኋላ ረጨች፤ ሲቆይም አለቀለቀችው። ለጉንዳኑ ደግሞ ግንዱን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨርቁን ግሪስ ቀባችው። ይህን የመከረው ሹፌሩ ነው፤ ግሪስ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል! ትኬት ቆራጮቹ መንገድ ተዘጋባቸው። ከሥሯ የምታደርግላትን ፍግም ቀነሰች፤ ሲበዛ ለጋው ይበዛል፣ ለጋው ሲበዛ ክሽክሽ ይጠራል። በዚያ ዓመት ጽጌረዳዋ ብዙም አላበበችም። ጥንዚዛዎቹም ቶሎ አልመጡም። የገደልከው ዘበኛ በጠራኸው ቀን አይነሳም።

እናንተም ስሙኝ። ቅጠላችሁ ሲታመም ወደ ጠርሙስ ከመሮጣችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት። የተበላ ቅጠል ካያችሁ አባጨጓሬ ነው፣ በእጃችሁ ልቀሙት። ቀጭን ድር ካያችሁበት ሌላ ነው፤ ሌላ መላ ይፈልጋል። ማን ማን እንደሚበላ ሳታውቁ አትግደሉ። ስም የሌለው መርዝ ደጃችሁ አይድረስ፣ በምግብ ጠርሙስም መርዝ አትቅዱ። ቤታችሁ ውስጥ ቃሉ የሚዘገይ ሰው ካለ ደግሞ፣ ሽማግሌም ይሁን በሽተኛ፣ አታሳጥሩለት። እናንተ የምትቆጥቡት ደቂቃ የእሱ ዕድሜ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ መፍትሔ ልትጠይቅ መጣች። አፍራ ቆይታ ነበር። እንደገባች አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሹፌሩ ቀና አለ።

«የተ... የተቀመጥሽ... በት...»

«ወንበር አምጡላት ነው? ኧረ ጋሼ፣ እዚሁ ተመችቶኛል!»

«ዝም በይ» አለች ሚስቱ። «አልጨረሰም።»

ሁለቱም ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ውጭ መኪና አለፈ። ሹፌሩ ተነፈሰ፣ ዳገቱን ወጣ።

«...መነጽሬ... ነው።»