እሑድ የተጠራው ስም

ዶክተር ኅሩይ ሰኞ ጠዋት ዙሪክ፣ አፎልተርን ካለው መኖሪያ ሕንጻው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ማሽንን ማሰብ ካስተማሩት ግንባር ቀደሙ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሞት ሊቅ አይመርጥ። ማጅራቱን ተመትቶ የሞተው ግን ቅዳሜ ማታ ነው። በዚያ ሕንጻ እሑድ ልብስ ማጠብ ክልክል ስለሆነ ማንም አልወረደም።

የፖሊስ አዛዡ የሟቹን ሚስት እድላዊትን ሊያስር ቸኩሏል። መርማሪዋ የወይንሐረግ ሙሉነህ እስከ ረቡዕ ለምና አስታገሠችውና ሴትዮዋን አነጋገረቻት።

«ቅዳሜና እሑድ የት ነበሩ?»

«ጄኔቭ፣ እህቴ ዘንድ።»

«የሚቀናበት ሰው ነበር?»

«እኔ ራሴ። ከኔ ይልቅ ከማሽኑ ጋር ነበር የሚያወራው» አለች ሳታፍር። «ይኸው ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፤ አላውቀውም። የተጋባነው ማዘጋጃ ቤት ነው። የክርስትና አባቱን ጠይቁ አልኳቸው።»

ረዳቱ ፈሃድም የልቡን ተናገረ። «ልፋቱ የኔ፣ ስሙ የሱ» አለ። ቅዳሜ ማታ ቤተ ሙከራ እንደነበረ ግን የበሩ ካርድ መሰከረለት።

የክርስትና አባቱ፣ ሠዓሊው ጋሽ ኅሩይ፣ ጄኔቭ አጠገብ ቬርኒየ ይኖራሉ። ሟች የተሰየመው በእሳቸው ነው።

«ድሮ ኅሩይ ከተባለ እኔ ነበርኩ» አሏት። «ዛሬ ስሜን ኢንተርኔት ላይ ብትጽፊው ሞክሼዎቼ ይደረደሩልሻል፤ ዳኛው፣ ሯጩ፣ ዘፋኙ። አናት ላይ እሱ! እኔ ከሁሉም በታች፣ በአንድ መስመር።»

«መሞቱን መቼ ሰሙ?»

«ሰኞ፣ እድላዊት ደውላ።»

ሽማግሌው ሲቀኑ አያምርባቸውም፤ ቅናት ግን ማስረጃ አይሆንም። የወይንሐረግ ወደ ቄሱ፣ ወደ አባ ተስፋ ሄደች።

«ወልደ አረጋዊ መባሉን ጋሽ ኅሩይ ሰኞ ነገሩኝ» አሉ አባ። «የሚገርመው፣ እሑድም ለአንድ ወልደ አረጋዊ ጸልየናል። ሰው ስሙን የጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር አስገብቶ ነበር። አገር ቤት የሞተ ዘመድ መስሎኝ ማን ነው አላልኩም።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የወይንሐረግ ሁሉንም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«አስከሬኑ የተገኘው ሰኞ ነው። ነፍሱ ግን እሑድ ጠዋት እዚህ ተጠርታለች። መሞቱን እሑድ የሚያውቅ ገዳዩ ብቻ ነበር። እድላዊት ቅዳሜ ማታ እህታቸው ቤት ነበሩ፤ ስሙንም አያውቁትም። ፈሃድ ሥራ ላይ ነበር፤ ሙስሊም ነው፣ ይህን ስም ከየት ያመጣዋል? አባም የሰሙት ሰኞ ነው። የቀሩት ክርስትና ያነሡት ናቸው።»

«ሌላ ወልደ አረጋዊ የለም?» አሉ ጋሽ ኅሩይ።

«በአባ መዝገብ የለም። ወረቀቱም እጄ ላይ ነው፤ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በሥራው ያገኘውን ሽልማት ሊያሳየኝ ቅዳሜ ቤቱ ጠራኝ። ‹ጋሼ፣ ስምህን አስጠራሁልህ› አለኝ። ያቃጠለኝ እሱ ነው። ልብስ ሊያጥብ ሲወርድ ተከተልኩት።»

«ጸሎቱስ?» አለች እድላዊት።

«ልጄ አይደለም እንዴ? ነፍሱ ሜዳ ላይ ስትቀር ዝም ልበል?»

እድላዊት ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። «ጋሽ ኅሩይ፣ በየመድረኩ ንግግሩን የሚጀምረው ‹የተሰየምኩት በአንድ ታላቅ ሠዓሊ ነው› ብሎ ነበር። ስንቴ ጋበዝዎት፤ አንድ ቀን እንኳ ሄደው አልሰሙትም።»