የረቡዕ ጠዋት ክብደት

ሎርናን ረቡዕ ቀትር ላይ ከገደሉ ሥር አገኘናት። ማዕበሉ ከአለቱ ጋር ሲያጋጫት ስለቆየ ሐኪሙ የሞተችበትን ሰዓት መናገር አልቻለም። ቦርሳዋ ገደሉ አናት ላይ ነበር። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ «ረቡዕ ጠዋት» ከሚለው ሥር የሃያ ጫጩቶች ክብደት ሰፍሯል።

እህቴ ናት። ያሳደገን አጎታችን ዳርሲ ነው፤ በየዓመቱ የባሕር ወፍ ጫጩቶችን ከጉድጓድ ጎጇቸው እያወጣ ለሥጋ እየሸጠ። እሷ ግን «ዘንድሮ ለምን ቀለሉ?» እያለች ታስቸግረው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት የዓሣ ፋብሪካ ሥራ በኋላ ያው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ አስገባት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናውም የእኛኑ ጫጩቶች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር ማርኬል በትንሿ አውሮፕላን መጣች። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከደሴቱ የሄደው የሎርና የጥናት አማካሪ ፕሮፌሰር ሬንሻውም አብሯት ተመለሰ።

«የተጣላት ሰው ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አጎቷ» አለ ፕሮፌሰሩ ፈጠን ብሎ። «ጥናትሽ ጫጩት ማውጣት ያስከለክለናል ብለው ሰኞ ጮኸውባታል።»

«ጮኼያለሁ!» አለ አጎቴ። «ያሳደግኳት እኔ፣ የምጮህባትም እኔ! አንተን ምን አገባህ?»

ረቡዕ ጠዋት አጎቴ ብቻውን ወደ ገደሉ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ቢላዬ ወገቤ ላይ ነበር። እሱም ቢሆን አልምረውም፣ አልኩ በሆዴ።

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ገለጠች። «ሃያውም ከማክሰኞው ገጽ ቀልለዋል። አቶ ዳርሲ፣ ጫጩት የሚከብደው መቼ ነው?»

«ወላጆቹ ሌሊት ከባሕር መጥተው ሲያጎርሱት ነዋ።»

«ትናንት ሌሊትስ መጡ?»

«ወይ መምጣት! በጩኸታቸው ማን ተኛና!»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አለ። «አይሆንም። ሙሉ ጨረቃ ነበረች። በጨረቃ አሞራ ስለሚበላቸው ወደ መሬት አይጠጉም።»

ኢንስፔክተሯ ሁላችንንም ወደ ጉድጓዶቹ ወሰደችን። ሚዛኑን ለፕሮፌሰሩ ሰጠችው። «እርስዎ ያውጡልን። ሰባተኛውን።»

እጁን እስከ ትከሻው ሰዶ ጫጩቱን አወጣና ሚዛኑ ላይ ሰቀለው። ደብተሩ ስድስት መቶ ሃያ ሁለት ግራም ይላል።

«ሚዛኑስ?»

እኔ አነበብኩ፦ «ሰባት መቶ ስልሳ።»

ስምንተኛው ከብዷል። አሥራ አንደኛውም።

«ይህን ገጽ የጻፈው ሰው አልመዘነም» አለች። «ማክሰኞ ገደላት። ከመሄዱ በፊት፣ ረቡዕ ጠዋት በሕይወት የነበረች እንድትመስል እጅ ጽሑፏን አስመስሎ ቁጥሮቹን ከጭንቅላቱ አውጥቶ ጻፈ። ሙሉ ጨረቃ ስለሆነች ወፎቹ አይመጡም፣ ጫጩቶቹ ይቀልላሉ ብሎ አሰላ።»

«እኩለ ሌሊት ላይ ግን ደመና ሸፈናት» አለ አጎቴ ቀስ ብሎ።

«አዎ። እዚህ ያደረ ሰው ይህን ያውቃል። እርስዎ ቢጽፉት ኖሮ ጫጩቶቹን ያከብዷቸው ነበር።» ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። «ግኝቷን በስምዎ አሳትመዋል። ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው የላከችውን አቤቱታ አንብቤ ነው የመጣሁት።»

ሬንሻው ጫጩቱን ጨምቆ እንደያዘው ቀረ። ጫጩቱም፣ ሲፈራ እንደሚያደርገው፣ የሆዱን ዘይት እጅጌው ላይ ተፋበት።

እጄ ቢላው ላይ ሲያርፍ አጎቴ አንጓዬን ያዘኝ። ስለጠረጠርኩት ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። «ተው ልጄ» አለኝ። «መጀመሪያ ጫጩቱን ተቀበለው፤ የሎርና ነው።»

ተቀብዬ ወደ ጉድጓዱ መለስኩት። ኢንስፔክተሯ የሬንሻውን እጅ በካቴና አስራ ወሰደችው።

የዚያ ዘይት ሽታ በሳሙና አይለቅም። እስር ቤትም ይዞት ገብቷል። አይልቀቀው።