ከጉብታው ላይ የታየው ባዶ ሜዳ

ቀያሹ ደገፉ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው የጦር ማሠልጠኛ ሰፈር ዳር፣ ቦይ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል።

መርማሪው ሻምበል አድነው ከሶዶ ሲደርስ «ገዳዩ ተይዟል» አሉት። ጩማ የሚባል ጎረቤት ገበሬ የፊጥኝ ታስሮ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ስቅላት ነው የሚጠብቀው።

ምስክሩ የሠልጣኞቹ አለቃ፣ መቶ አለቃ ጉልላት ነው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ከጥበቃው ጉብታ ሆኜ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» አለ። «በቅየሳው የብረት ችካል ማጅራቱን መታው። መሬቴን ለካብኝ ብሎ ነው።»

ወታደሮቹ ችካሉን ፍለጋ የጩማን ጎጆ ይበረብራሉ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አድነው ቦዩ ውስጥ ወርዶ እጁን እስከ ክርኑ ጭቃው ውስጥ ከተተና አገኘው። ለማንም ሳያሳይ ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ማታ የት ነበርክ?» አለው ጩማን።

«ቤቴ ነበርኩ ጌታዬ። ደገፉ ጥሩ ሰው ነበረ። ቤትህን ካርታ ላይ አስገባለሁ አለኝ። እሱን ለምን እገድላለሁ?»

የሟች ሚስት ጥሩዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «መቶ አለቃው ለተኩስ ልምምድ የፈለገውን የጩማን ቦታ ባዶ ሜዳ ብለህ ሣል ብሎ አስገደደው። እንቅልፍ አጣ። ትናንት ለአዛዡ ነግሬ አስተካክለዋለሁ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

ከሰዓት በኋላ አድነው አዛዡን ሻለቃ፣ ጉልላትን፣ ጥሩዬንና እስረኛውን ጉብታው ላይ ሰበሰበና ካርታውን ሣሩ ላይ ዘረጋ።

«መቶ አለቃ፣ ከዚህ እስከ ቦዩ ምን ተሥሏል?»

«ባዶ ሜዳ።»

«አሁን ቀና ይበሉ።»

ሁሉም ቀና አሉ። የጩማ እንሰት ከጎጆው በላይ አድጎ ጥቅጥቅ ብሏል። ቦዩ ጨርሶ አይታይም።

«እንሰቱ አለ ካሉ፣ ጩማን ከዚህ ሆነው አላዩትም። የለም ካሉ፣ ይኸው ሁላችንም እያየነው ነው።» አድነው ችካሉን አውጥቶ ካርታው ላይ አኖረው። «ይህ ከጭቃው ሥር የወጣው ዛሬ በእኔ እጅ ነው። እርስዎ ግን በምን እንደተመታ አስቀድመው ነገሩኝ። ያንን የሚያውቀው አጠገቡ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ለተኩስ ልምምድ ሰው የማይኖርበት ቦታ አገኘሁ ብለው ሹመት ይጠብቁ ነበር፤ ደገፉ ሊያጋልጥዎ ሲሄድ ቦዩ ዳር ያዙት። በጩማ ላይ ሲመሰክሩም ያንኑ የሐሰት ካርታ ተማምነው ነው።»

«ለአንዲት ጎጆ!» ብሎ ጮኸ ጉልላት። «ለአንዲት የገበሬ ጎጆ ብሎ ሊያጠፋኝ!»

ጥሩዬ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች። ጉልላት ትጥቁን ፈትቶ ተወሰደ፤ ጩማም ተፈታ። ገመዱ የከረከረውን ክንዱን እያሻሸ ቁልቁል መንገድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለው አዛዡ።

«ቤቴ።»

«የካርታው ቅጂ አዲስ አበባ ደርሶ ጸድቋል። ሰኞ ተኩስ እንጀምራለን፤ ዕቃህን አውጣ።»

አድነው ለመከራከር አፉን ከፈተ። አዛዡ ግን ፊቱን አዙሮ ሄዷል። ሻምበሉ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ጩማ ተመልሶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ታዲያ ለምን አስፈታኸኝ ጌታዬ?» አለው።